12ኛ ክፍል የአጨዳ ጊዜ ነው

ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን አንድ ጊዜ ጭሮ ዘር አይበትንም። ይገምሳል፤ ደግሞ ያርሳል፤ ይሰልሳል። ከዘራ በኋላም ያርማል። የልጅ ትምህርትም እንዲሁ ነው። 12ኛ ክፍል የአጨዳ ጊዜ ነው። ያልታረሰና ያልታረመ ማሳ በአጨዳ ጊዜ ቢሯሯጡለት ምርት አይሰጥም።

እስቲ በአገራችን የሆነውን እንይ። ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ከ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ማግኘት ያስፈልጋል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ለኩረጃ የሚመች ቦታ ጠፋ። እውነቱም ታየ። ከ100 ተማሪ ግማሹን ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ተፈታኞችም እንዲሁ ሆነ። በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. ከ100 ወደ 5፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8 ከፍ አለ። መሻሻል ነው፤ ግን ገና ነው።

ታዲያ ልጆቻችን ሰነፎች ናቸው? አይደሉም። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንይ።

አንደኛው መሠረቱ ነው። በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ማንበብ ያልቻለ ልጅ ክፍል ቢቆጥርም ትምህርቱ አይገባውም። ማባዛት ሳያውቅ አልጀብራን እንዴት ይወጣዋል?

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ መልሱን እያወቀ ጥያቄው ሳይገባው ይወድቃል። እኛም ከገጠር መጥተን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ያስቸገረን ይኸው ነበር።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በአጨዳና በውቂያ፣ በገበያም ቀን ልጅ ከትምህርት ይቀራል። በሳምንት 1 ቀን የቀረ ልጅ ከ5 ቀን አንዱን አጣ። ይህ በ5 ዓመት ሲደመር ሙሉ 1 የትምህርት ዓመት ይሆናል። ሴት ልጅማ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ወጥ ሠርታ መጽሐፍ ስትከፍት ይመሻል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና፣ ከዚያም በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ቦታዎች የባከነው ጊዜም አለ።

አራተኛው መምህርና መጽሐፍ ነው። አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ሲሆን፣ ቤተ ሙከራ ጠፍቶ ኬሚስትሪ በወሬ ሲሆን ልጁ ብቻውን ምን ያደርጋል?

በሬ ሸጦ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ ልጁን ያስተማረ ገበሬ አለ። ልጁ ሲወድቅ በሬውም የለ፣ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ይህን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ መስደብ አይገባም። የ12 ዓመት ዕዳ በእሱ ብቻ አይጫንም። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም ይቻላል።

አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፤ ብዙዎቻችሁ «እኛ ምን እናውቃለን?» ትሉናላችሁ። ዛሬ ግን ማንበብ ችላችኋል። የልጃችሁን ደብተር ግለጡ። ቀኑን እዩ። ሦስት ሳምንት ምንም ካልተጻፈበት ለምን በሉ። መምህሩ አርሞት እንደሆነ ተመልከቱ። ማታ ማታ አንድ ገጽ ያንብብላችሁ፤ ቃል ቢዘል ታውቁበታላችሁ። በገበያ ቀን አታስቀሩት። የሴት ልጃችሁን ሥራ ወንድሟም ያግዛት። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ስለ መዋጮ ብቻ አትነጋገሩ። መጽሐፍ ለምን አልደረሰም፣ መምህር ለምን ጎደለ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ሁሉ ልጁ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ አትጠብቁ። ከ1ኛ ክፍል ጀምሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጃችሁ ባለፈው ወር ስንት ቀን ከትምህርት ቀረ? በምን ምክንያት?
2. በሳምንት 2 ቀን የሚቀር ልጅ በ5 ዓመት ስንት የትምህርት ዓመት ያጣል?
3. በቀበሌያችሁ ትምህርት ቤት የጎደለው ምንድን ነው? ማንን ትጠይቃላችሁ?