ዕድሜ ያረዝማል ስለተባለው የወይን ክኒን

ለጉብኝት ቤታችሁ ስመጣ አንዳንዶቻችሁ «ከወይን የተሠራ ነው፣ ዕድሜ ያረዝማል» የተባለ ክኒን ታሳዩኛላችሁ። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ወሬው የተነሣው ግን ሰው ላይ በታየ ነገር አይደለም፤ በዳቦ እርሾ ነው፣ እዚህ ሽማሪም በምንለው።

እርሾ ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። አንዷ እናት ከጎኗ ልጅ ታበቅላለች፤ ሃያ፣ ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ወልዳ ታረጅና ትሞታለች። ዕድሜዋም የሚለካው በወለደችው ልጅ ቁጥር ነው። ለአያቴ ስነግራት «እንደኔ!» ብላ ሳቀች። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች በወይን ልጣጭ ውስጥ ያለውን ሬስቬራትሮል ለእርሾ ሰጥተው ዕድሜዋ በ70 በመቶ ያህል ጨመረ አሉ። በ2005 ሌሎች ተመራማሪዎች በሦስት ዓይነት እርሾ ሲሞክሩት ግን ምንም አልጨመረም። የሰው ዕድሜ ማርዘሙም እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ወይኑ ራሱ ይህን ነገር የሚያዘጋጀው ሻጋታን ለመከላከል ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንደ ኩማዲን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ይህ ክኒን ሲጨመርበት ደም መፍሰስን ሊያብስ ይችላል። «ከተክል ነው፣ ምን ይጎዳል?» አትበሉ፤ እንዶድም ተክል ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ኩፓት ሆሊም ሂዱና ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ንገሩኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።