ታማኝነት በገበያ ስንት ያወጣል? ከሁለቱ የጎልፍ ሊጎች ፉክክር የሚገኝ ትምህርት

በጎልፍ ስፖርት ወዳጆች መካከል እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የተነሣ የጦፈ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን፣ ስምና ዝና ያተረፈበትን ድርጅት ጥሎ የተሻለ ገንዘብ ወደሰጠው ተቀናቃኝ የሄደ ተጫዋች ውለታ ቢስ ነው ይላል። ሌላኛው ወገን ደግሞ፣ ተጫዋች ማለት ሙያውን የሚሸጥ ነጋዴ በመሆኑ ከሁለት ገዢዎች የተሻለ ዋጋ የሰጠውን ቢመርጥ ሊወቀስ አይገባም ሲል ይሟገታል። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ የስፖርት ይምሰል እንጂ፣ ውስጡ ሲገለጥ ማንኛውም ነጋዴ፣ ደላላና ባለአክሲዮን የሚገጥመው ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ ታማኝነት ዋጋ አለው ወይ? ካለውስ የሚከፈለው ለማን፣ መቼና በምን መልክ ነው? የሚል ነው።

አንድ ገዢ ብቻ የነበረበት ገበያ

በአሜሪካ ከፍተኛውን የወንዶች የጎልፍ ውድድር ለረጅም ዘመን ሲያስተዳድር የኖረው ፒጂኤ ቱር የተባለው ድርጅት ነው። መነሻውም እ.ኤ.አ. በ1968 ተጫዋቾች ከፒጂኤ ኦፍ አሜሪካ ማኅበር መለየታቸው ነበር። ተጫዋቾቹ የድርጅቱ አባላት እንጂ ደመወዝተኞች አይደሉም። በሕግ ዓይን ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ተቋራጮች ናቸው። የጉዞ፣ የሆቴልና የዱላ ተሸካሚ ወጪያቸውን ከኪሳቸው ይሸፍናሉ። ከሁለት ቀን ጨዋታ በኋላ በሚደረገው ማጣሪያ የወደቀም አብዛኛውን ጊዜ ከሽልማቱ አንድ ዶላር ሳያገኝ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ እነዚህ "ነፃ ተቋራጮች" የፈለጉት ቦታ እንዳሻቸው መጫወት አይችሉም ነበር። አንድ አባል ከድርጅቱ ውድድር ጋር በተመሳሳይ ሳምንት በሚካሄድ ሌላ ውድድር ለመካፈል ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። የቴሌቪዥን ሥርጭት መብቱም የተላለፈው ለድርጅቱ ነው። አንድ ሻጭ ብቻ ያለበት ገበያ ሞኖፖሊ እንደሚባል የታወቀ ነው። አንድ ገዢ ብቻ ያለበት ገበያ ደግሞ በምጣኔ ሀብት ትምህርት ሞኖፕሶኒ ይባላል። የጎልፍ ተጫዋቾች ገበያም ለዚህኛው የተጠጋ ነበር። በአንድ አካባቢ ምርቱን የሚረከበው ነጋዴ አንድ ብቻ የሆነበት ገበሬ ለዚያ ነጋዴ "ታማኝ ደንበኛ" ቢባል ታማኝነቱ ከፍቅር የመነጨ ይሁን ከአማራጭ ማጣት ለመለየት ያስቸግራል።

ለዚህ አስረጂ የሚሆን ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 አውስትራሊያዊው እውቅ ተጫዋች ግሬግ ኖርማን ጥቂት ምርጥ ተጫዋቾችን ብቻ የሚያሰባስብ የዓለም ጎልፍ ቱር ለማቋቋም ዕቅድ አቀረበ። ፒጂኤ ቱር ለአባላቱ ፈቃድ ለመስጠት ፈቃደኛ ባለመሆኑ ዕቅዱ በእንጭጩ ተቀጨ። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ፒጂኤ ቱር ከሌሎች የጎልፍ ድርጅቶች ጋር በመሆን "የዓለም ጎልፍ ሻምፒዮና" የተሰኙ፣ ምርጦችን የሚያሰባስቡ ውድድሮችን ጀመረ።

ሁለተኛው ገዢ ሲመጣ

ኖርማን ከ27 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የሊቭ ጎልፍ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ከበስተኋላው የቆመው የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነበር። "ሊቭ" የሚለው ስም በሮማውያን አኃዝ 54 ማለት ሲሆን፣ ውድድሩ በተለመደው 72 ጉድጓድ ፋንታ በ54 ጉድጓድ እንዲያበቃ መታቀዱን ያመለክታል።

የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ለንደን አቅራቢያ ተካሄደ። ጠቅላላ ሽልማቱ 25 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የተካፈሉት 48 ተጫዋቾች ብቻ ነበሩ። ማጣሪያ ስላልነበረም የመጨረሻው ተጫዋች እንኳ 120,000 ዶላር ይዞ ወጥቷል። አሸናፊው ደቡብ አፍሪካዊው ቻርል ሽዋርትዝል በግልና በቡድን ያገኘው ሲደመር 4.75 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከሽልማቱ በተጨማሪ ለስመ ጥር ተጫዋቾች ገና ከመፈረማቸው ከፍተኛ ቅድሚያ ክፍያ ቀርቦላቸዋል። ፒጂኤ ቱር በበኩሉ ውድድሩ በተጀመረበት ዕለት 17 ተጫዋቾችን አገደ።

በነሐሴ 2022 ፊል ሚክልሰንን ጨምሮ 11 ተጫዋቾች በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት የፀረ ሞኖፖሊ ክስ መሠረቱ። ከእነርሱ ሦስቱ በዓመቱ መዝጊያ ውድድሮች እንዲካፈሉ ጊዜያዊ ትእዛዝ ቢጠይቁም ዳኛዋ አልተቀበሏቸውም። ምክንያቱ ለነጋዴ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ተጫዋቾቹ ከሊቭ ጋር ሲዋዋሉ ከፒጂኤ ቱር የሚያጡት ጥቅም በዋጋው ውስጥ ታስቦላቸዋል የሚል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ የመውጫውን ኪሣራ በውሉ ዋጋ ውስጥ ያስገባ ሰው ተመልሶ ያንኑ ኪሣራ እንደ ጉዳት ቆጥሮ አቤት ሊል አይችልም።

ደጋፊው የሚከራከርበት ነጥብ

ለፒጂኤ ቱር የቆሙት ደጋፊዎች ሁለት መከራከሪያ አላቸው። የመጀመሪያው የፉክክሩ ክብር ነው። ማጣሪያ በሌለበትና ተጫዋቹ ቢሸነፍም ገንዘቡ በተረጋገጠበት ውድድር የሚገኝ ድል ክብደት የለውም ይላሉ። ሁለተኛው የገንዘቡ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የጋዜጠኛ ጀማል ኻሾግጂን መገደል እያነሱ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ስሟን በስፖርት ለማደስ ትጠቀምበታለች ሲሉ ይወቅሳሉ።

ለሄዱት የሚከራከሩት ደግሞ፣ የተጫዋች ዕድሜ አጭር መሆኑን፣ የጀርባና የእጅ ጉዳት ገቢውን በአንድ ቀን ሊያቋርጥበት እንደሚችል ያስታውሳሉ። ድርጅቱ ራሱ ለተጫዋቾቹ የሚገባቸውን የከፈለው ተፎካካሪ ሲመጣበት ነው ይላሉ። አኃዙም ይህን ያጠናክራል። የፒጂኤ ቱር ዋነኛ ውድድር የሆነው የተጫዋቾች ሻምፒዮና ሽልማት በ2021 15 ሚሊዮን ዶላር የነበረው በ2023 25 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል።

ሦስተኛም ወገን አለ፤ የሁለቱም ጠብ የማይመለከተው ተመልካች ነው። የእርሱ ቅሬታ ምርጦቹን በአንድ ሜዳ የሚያየው በዓመት አራት ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። አራቱ ታላላቅ ውድድሮች፣ ማለትም ማስተርስ፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ፣ የአሜሪካ ኦፕንና የብሪታኒያው ኦፕን፣ ባለቤታቸው ከሁለቱ ሊጎች አንዱም አይደለም። በየራሳቸው ነፃ አካል የሚተዳደሩ በመሆናቸው መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ክፍት ሆነው ቆይተዋል። በሊቭ ይጫወት የነበረው ብሩክስ ኬፕካ በ2023 ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን፣ ብራይሰን ዲሻምቦ ደግሞ በ2024 የአሜሪካ ኦፕንን ማሸነፋቸው "የሄደው ሁሉ ደከመ" የሚለውን ክርክር አላልቶታል።

ታማኞቹ ከሜዲያ የሰሙት ዜና

ክርክሩን ከሥሩ የገለበጠው እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 2023 ነው። ለአንድ ዓመት ስለ ታማኝነት ሲናገሩ የቆዩት የፒጂኤ ቱር ኃላፊ ጄይ ሞናሃን ከሳዑዲው ፈንድ ገዢ ከያሲር አል ሩማይያን ጋር በቴሌቪዥን ቀርበው የማዕቀፍ ስምምነት መደረጉን አስታወቁ። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ክስም ተቋረጠ። በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ አልቀበልም ብለው የቀሩ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ዜናውን የሰሙት ከደጋፊው ጋር እኩል፣ ከመገናኛ ብዙኃን ነበር። "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል" የሚለው ተረት በእነርሱ ላይ የደረሰ መሰለ።

የማዕቀፉ ስምምነት እስከ 2023 መጨረሻ ወደ ቁርጥ ውል ይለወጣል ቢባልም ቀነ ገደቡ ያለ ውጤት አለፈ። በዚያው ታኅሣሥ ወር፣ በ2022 መጀመሪያ ለፒጂኤ ቱር ታማኝነቱን በአደባባይ ያረጋገጠው ስፔናዊው ጆን ራም ወደ ሊቭ ተሻገረ። ብዙ ደጋፊዎች ለራም ያላቸው ቁጣ ለመጀመሪያዎቹ ኮብላዮች ከነበራቸው ያነሰ መሆኑ አያስገርምም። አለቃው ከተቀናቃኙ ጋር ከተጨባበጠ በኋላ ወታደሩን መክሰስ ይከብዳል።

ታማኝነት ወደ አክሲዮን ሲለወጥ

ፒጂኤ ቱር ከዚህ በኋላ የወሰደው እርምጃ የጉዳዩ ዋና ቁም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የአሜሪካ ስፖርት ባለሀብቶች ስብስብ የሆነው ስትራቴጂክ ስፖርትስ ግሩፕ እስከ 3 ቢሊዮን ዶላር ለማፍሰስ ተዋዋለ፤ የመጀመሪያው ክፍያም 1.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ለዚህም ፒጂኤ ቱር ኢንተርፕራይዝስ የሚባል ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ተቋቋመ። ከኩባንያው ላይ 930 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚገመት ድርሻ ለ193 ተጫዋቾች ተደለደለ። ከዚህም ውስጥ 750 ሚሊዮኑ የተመደበው ለ36 ምርጥ ተጫዋቾች ነው።

ድርሻው በእጅ የሚገባው ወዲያው አይደለም። በአራተኛው፣ በስድስተኛውና በስምንተኛው ዓመት እየተከፋፈለ የሚጸና ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ዛሬ ቢሄድ የሚያጣው ነገር በወረቀት ላይ ተጽፎ ይታየዋል። ቀድሞ በቃል ይጠየቅ የነበረው ታማኝነት አሁን በአክሲዮን ተገዛ ማለት ነው።

የመመለሻውም ዋጋ በዚሁ ሚዛን ተሰፈረ። ኬፕካ በታኅሣሥ 2025 ሊቭን ሲለቅ፣ ፒጂኤ ቱር በጥር 2026 ባወጣው ልዩ ደንብ እንዲመለስ ተፈቀደለት። ነገር ግን ለ5 ዓመት ከአክሲዮን ድልድሉ እንዲገለል፣ በ2026 ከዓመቱ መጨረሻ ጉርሻ እንዳይካፈልና 5 ሚሊዮን ዶላር ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥ ተወሰነበት። በሩ አልተዘጋም፤ ኬላው ላይ ግን ቀረጥ ተጣለ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ አማራጭ በሌለበት ገበያ የሚታየው ጸጥታ ታማኝነት ተብሎ መመዝገብ የለበትም። አቅራቢዎቹ ለዓመታት ዋጋ ሳይከራከሩ የቆዩለት ነጋዴ፣ ተፎካካሪ በመጣ ማግሥት ምን ያህሉ እንደሚቀሩለት አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ሁለተኛ፣ ከባድ ኪስ ያለው ተፎካካሪ ዋጋ ይሰቅላል እንጂ የግድ አያተርፍም። የሊቭ የእንግሊዝ ኩባንያ፣ ከአሜሪካ ውጪ ያለውን ሥራ የሚመለከተው ማለት ነው፣ በ2023 394 ሚሊዮን፣ በ2024 ደግሞ 461 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ኪሣራ አስመዝግቧል። እንዲህ ካለ ተፎካካሪ ጋር በየሳምንቱ ሽልማት ጭማሪ መወዳደር ሁለቱንም ያደክማል።

ሦስተኛ፣ ተቀናቃኞች ሲጣሉ ኬላውን የያዘው ሦስተኛ ወገን ማንነት መታወቅ አለበት። በጎልፍ ያ ኬላ አራቱ ታላላቅ ውድድሮች ናቸው። በሌላውም ንግድ ወደብ፣ ፈቃድ ወይም የጥራት ማረጋገጫ ሰጪው ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ውል የሚያፈርስ ሰው የመውጫውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም ወጪ ያስላ። ይህን ሳያሰላ የወጣ ሁለት ያጣ ጎመን ሊሆን ይችላል።

አምስተኛና ዋነኛው፣ ሰው በድርጅትህ እንዲጸና ከፈለግህ ከትርፉ እንጂ ከምስጋናው ብቻ አታካፍለው። ፒጂኤ ቱር ይህን ያደረገው ተጫዋቾቹ ከሄዱበት በኋላ በመሆኑ ዋጋው ተወዶበታል። ተፎካካሪው ከመድረሱ በፊት ድርሻ የሰጠ ነጋዴ ግን ያንኑ ታማኝነት በርካሽ ይገዛዋል።