ሕፃናትን የዜማ መሠረት በጨዋታ ስለ ማስተማር

ዜማ በዓይን ከመነበቡ በፊት በጆሮ የሚለመድ ትምህርት እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ግን በቡና ጥላ ሥር የሚያድጉትን ሕፃናት ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከቃሉና ከምልክቱ ነው። ሕፃኑ ቃሉን አያስተውለውም፤ ምልክቱንም አያነበውም፤ ሲስት ይቈጡታል። ቀይ ቡና የሚለቀምበት ወራት ሲደርስ ከወላጆቹ ጋር ይሄዳል፤ ለቀማው ካለቀ በኋላም አይመለስም። እንግዲህ ነገ በማኅሌት የሚቆመው ሰው ከየት ይመጣል?

በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ስለ ነበረው ስለ ቅዱስ ያሬድ ስንተርክ፣ እየወደቀ በሰባተኛው ጊዜ ዛፉን የወጣውን ትል እናነሣለን፤ ሕፃኑን ወደዚያ ዛፍ ሥር ያሸሸው የመምህሩ ቅጣት መሆኑን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። እኔም በልጅነቴ አንድ ድፋት ስቼ ተገርፌ ነበርና፣ ለብዙ ዓመት እዚያች ቦታ ስደርስ ድምፄ ይያዝ ነበር።

የዚህ አገር ሕፃን ባዶ ጆሮ ይዞ አይመጣም። የቤንች ቋንቋ 5፣ የሸኮ ቋንቋም 4 የድምፅ ደረጃዎች አሏቸው፤ አንዱ ቃል ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ በማለቱ ብቻ ትርጉሙ ይለወጣል። ቤንቾች ንግግራቸውን በፉጨት እንኳ ያስተላልፋሉ። በአማርኛ ያደገ መምህር በድካም የሚለየውን ከፍታ፣ በእነዚህ ቋንቋዎች አፉን የፈታ ሕፃን ገና ከእናቱ እቅፍ ሳይወርድ ለምዶታል። እንዲህ ያለውን ልጅ ጆሮ የለውም ማለት የመምህሩን አለማወቅ መግለጥ ነው።

ስለዚህ ጨዋታው ከዚህ ይጀምር። ሕፃናቱ በዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ይቁሙ። መምህሩ ያለ ቃል፣ በ«ሆ» ብቻ ድምፅ ያውጣ፤ ሕፃናቱም እየተቀበሉ፣ ድምፁ ከፍ ሲል እጃቸውን ያንሡ፣ ዝቅ ሲልም ያጐንብሱ። ቀጥሎ ከመካከላቸው አንዱ ይምራ፤ መጥራትንና መመለስን ከአኩኩሉ ጨዋታ ያውቁታልና። የድምፅን ርዝመት ለመለካት ደረቅ የቡና ፍሬ ይበቃል፤ ለአንዱ ጭብጨባ አንድ ፍሬ ይደርደር፤ ፍሬው እስኪያልቅም ድምፁ ይቆይ። ከዚያ በትንንሽ በትር ዝማሜን፣ ቀጥሎ መረግድን፣ በመጨረሻም ጽፋትን ያስለምዳቸው፤ ዝግታንና ፍጥነትን የሚለዩት በዚህ ነው። ከበሮውን ግን አስቀድሞ አይስጣቸው፤ ከበሮ የያዘ ሕፃን ጓደኛውን አይሰማም።

ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ምልክቶቹ በአፈር ላይ ይጻፉ። ስማቸው ራሱ ያስተምራል፤ ሕፃናቱ በድፋት ያጐነብሳሉ፣ በቅናት በእግር ጣታቸው ይነሣሉ፣ በሂደት ይራመዳሉ፣ በቁርጥ ባሉበት ቀጥ ይላሉ። በሳምንት አንድ ምልክት ይበቃል። ድርስና አንብር ለዜማው እንኳ ዘግይተው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በ16ኛው መቶ ዓመት የተጨመሩ ናቸውና፣ ለሕፃናቱ ቢዘገዩ ግድ የለም።

አንዳንድ አባቶች ቅዱሱ ዜማ መጫወቻ እንዳይሆን ይሰጋሉ፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። ስለዚህ የቅዳሴውና የድጓው ቃል ወደ ጨዋታው አይግባ፤ ጊዜውም ከአገልግሎት ሰዓት ውጭ ይሁን። ነገር ግን ጌታችን በገበያ ተቀምጠው ባልንጀሮቻቸውን ለጨዋታ የሚጠሩትን ሕፃናት በትምህርቱ አንሥቷቸዋል እንጂ አልተጠየፋቸውም።

የለቀማው ወራት ሲመጣም ትምህርቱን ዘግቶ መጠበቅ አያሻም። መምራትንና መቀበልን ሕፃናቱ በቡናው መካከል ሆነው ሊያደርጉት ይችላሉ፤ መምህሩም እሑድ ሲያገኛቸው ከማሳው ምን አዲስ ድምፅ እንዳመጡ ይጠይቃቸው።