የተርሚናል መለማመጃ ለምታዘጋጂው ልጄ

ልጄ፣ በኮተቤና በመገናኛ ላሉ ጀማሪዎች የሊነክስና የጊት ትምህርት በአማርኛ ላዘጋጅ ነው ስትይኝ ደስ አለኝ። ቪዲዮ ልቅረጽ ወይስ ጽሑፍ ልበትን ላልሽው መልሴ ሁለቱንም ለጊዜው ተያቸው የሚል ነው። ተማሪው ተርሚናል ከፍቶ ኮማንዱን በገዛ እጁ የሚጽፍበት፣ ፕሮግራሙም ሥራውን እያየ የሚያርመው መለማመጃ ሥሪ።

1. ቀድመው የሠሩትን እይ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ብራያን ከርኒሃንና ማይክ ሌስክ ቤል ላብስ ውስጥ «ለርን» የሚባል ፕሮግራም ሠርተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ተሰራጭቷል። ተማሪው አጭር ማብራሪያ ያነባል፤ እዚያው እውነተኛ ኮማንድ ይጽፋል፤ ሲጨርስ ዝግጁ መሆኑን ይናገራል። ፕሮግራሙ መርምሮ ያሳልፈዋል፣ ካልሆነም ድጋሚ መሞከር ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቀዋል። አስተማሪው ትምህርቱን የሚያዘጋጀው በተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር። ዛሬም ቪም ኤዲተርን የሚያስተምረው ቪም ቲውተርና የራስት ቋንቋን የሚያስተምረው ራስትሊንግስ ተማሪው በገዛ እጁ እየሠራ እንዲማር የሚያደርጉ ናቸው። አንድ መስመር ከመጻፍሽ በፊት ሁለቱን ራስሽ ተማሪ ሆነሽ ጨርሻቸው።

2. የተማሪውን ሥራ የሚመረምረውን ፈታሽ ከማብራሪያው አስቀድመሽ ጻፊ። ተማሪው ምን ሲያደርግ ተማረ እንደምትይ ሳታውቂ ማብራሪያ ብትጽፊ ወሬ ይበዛብሻል። ፈታሹ የሚመረምረው የተገኘውን ውጤት ይሁን። «የካ የሚል ፎልደር ፍጠር፣ ውስጡ ሦስት ፋይል አስቀምጥ» ካልሽ አንዱ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፣ ሌላው በአራት። ፎልደሩና ፋይሎቹ በቦታቸው ካሉ ሁለቱም አልፈዋል። ኮማንዱን ቃል በቃል ከመልስሽ ጋር ካስተያየሽ ግን የሚያስበውን ቀጥተሽ የሚሸመድደውን ትሸልሚያለሽ። ሽምደዳ በትምህርት ቤቶቻችን ብዙ ልጅ በልቷል፤ አንቺ ደግሞ በኮምፒውተር አታስቀጥዪው።

ሲሳሳትም «ስህተት፣ እንደገና ሞክር» ብቻ ብለሽ አትተዪው። ፈታሹ ያየውን ይንገረው፦ «ፎልደሩን አግኝቼዋለሁ፣ ፋይሎቹ ግን ከውጭ ቀርተዋል»። ለሰው ከመስጠትሽ በፊት ፈታሹን ምንም ባልተሠራበት ቦታ አስኪጂው፤ መጣል አለበት። ከዚያ በትክክለኛው መልስ ላይ አስኪጂው፤ ማሳለፍ አለበት። የመጀመሪያውን ሙከራ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከዚያ ምንም ያልሠራ ተማሪ «ጎበዝ» ይባላል።

3. በአማርኛ የምታስተምሪ ከሆነ የአማርኛን ጣጣ አንቺው ተሸከሚ፣ ለተማሪው አትተዪለት። ይህን ከውጭ ትምህርት ገልብጠሽ አታገኚውም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

ተማሪው ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳይመልስ ኤልና ኤስን ሲመታ ተርሚናሉ ላይ «ልስ» ይወጣል፤ ማሽኑም እንዲህ ያለ ኮማንድ የለም ይለዋል። ጀማሪው የተበላሸ ነገር ያለ ይመስለውና ይደነግጣል። ፈታሽሽ የግዕዝ ፊደል ካየ «ኪቦርድህን ወደ እንግሊዝኛ ቀይር» ይበለው።

መልሱ የአማርኛ ቃል ሲሆን ደግሞ አንዱ ፀሐይ፣ ሌላው ጸሀይ ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፀና ጸ፣ ሐና ሀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከማወዳደርሽ በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መልሻቸው።

ሰዓትም አለ። ሥራን በተወሰነለት ሰዓት የሚያስነሳውን ክሮን ስታስተምሪ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንዲሠራ አድርግ» ብትይ ተማሪው 3 ብሎ ይጽፋል፤ ሥራው ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል። የሚፈለገው 9 ነው። ይህን እንደ ወጥመድ አትደብቂው፤ ራሱን የቻለ ልምምድ አድርጊው። የተርሚናሉ ቀን የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም እዚያው አስረጂ።

በመጨረሻም ሠንጠረዥና ሳጥን በአማርኛ አትሳዪ። ፊደላችን ሰፊ ነው፤ ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል የሚመድበው ቦታ ለላቲን የተለካ ስለሆነ መስመሩ ይዛነፋል፣ አንዳንዴም ፊደል በፊደል ላይ ይወጣል። አጫጭር መስመር ይበቃል።

4. ትምህርቱ በተማሪው ማሽን ላይ ይኑር። ካታኮዳ የሚባል በብራውዘር ተርሚናል የሚከፍት ግሩም መለማመጃ ነበር፤ ኦራይሊ ገዛው፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ለሕዝብ መስጠቱን አቆመ። ሰዎች በነጻ ያዘጋጁት ትምህርት አብሮ ተዘጋ። በእኛ አገር ደግሞ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር አትረሺም። በክረምት የእንጦጦ ዝናብ ሲወርድ መብራትም ይሄዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር ለብዙ ልጅ በር ከፍቷል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ያ የሚሰጠው ግን በኢንተርኔት ነው። ያንቺ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ፣ ዳታ የማይበላ፣ ባረጀ ላፕቶፕ የሚነሳ ይሁን። መብራት ሲመጣም ተማሪው ካቆመበት ይቀጥል።

5. ለተማሪው ያለ ፍርሃት የሚሳሳትበት መስበሪያ ቦታ ስጪው። በታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውን ኢቲአርኤስኤስ 1 ሳተላይት ይቆጣጠር የነበረው ከበላያችን እንጦጦ ላይ ያለው የምድር ጣቢያ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ «ልሞክረው» ብሎ ኮማንድ መላክ አይቻልም፤ ተማሪው ስህተቱን ሌላ ቦታ ጨርሶ መምጣት አለበት። ልምምዱን በኮንቴይነር ውስጥ ዝጊው፤ ሁሉንም አጥፍቶ በአንድ ኮማንድ እንደገና እንዲጀምር አድርጊ። እንዲያውም አንዱን ትምህርት ሆን ብለሽ ፋይል ማጥፋትና ከጊት መመለስ አድርጊው።

6. የልምምድ ፋይሎችሽ ከሰፈሩ ይምጡ፦ የሾላ ገበያ ዋጋ፣ ከመገናኛ ወደ ላምበረትና ካራ የሚሄዱ ታክሲዎች ዝርዝር። መደርደርና መፈለግ በዚህ ቶሎ ይገባል።

7. ሃያ ትምህርት ጽፈሽ አትጠብቂኝ። አንዱን ጨርሺና ከኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሰልጣኝ መምህራን ፈቃደኛ የሆነ አንድ ሰው ፈልጊ፤ እነሱ ተማሪ የት እንደሚጠፋበት ለማየት የሚሰለጥኑ ናቸው። ከኋላው ተቀመጪና ምንም አትናገሪ። እጁ ከኪቦርዱ ላይ ተነስቶ ፊቱን ወደ አንቺ ሲያዞር የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ጻፊ። ያንን መስመር አስተካክዪና ሌላ ሰው አስቀምጪ። ሁለተኛውን ትምህርት የምትጀምሪው አንድ ሰው ዞር ብሎ ሳያይሽ ሲጨርስ ነው።