«ቀደር ነው» ብለን የምንተወው የማንን ሐቅ ነው?



ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የማያውቅ የአካባቢያችን ልጅ የለም። ሚኒባሱም፣ ከጅቡቲ መስመር የሚመጣው ከባድ መኪናም እዚያው ይተላለፋሉ። አደጋ ሲደርስ ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው «ቀደር ነው» የሚለው ቃል ነው። እውነት ነው፣ ቀደር ነው። ግን ይህ ቃል ልብን ለማጽናናት እንጂ የተጎዳን ሰው ሐቅ ለማስተው አልተሰጠንም።

በሱረቱ አን-ኒሳእ 4፡92 አላህ ስለ ስህተት ግድያ ሲደነግግ፣ ገዳዩ ሆን ብሎ ባያደርገውም ለሟች ቤተሰብ ዲያ እንዲከፈል አዟል። ቤተሰቡ ሶደቃ አድርጎ ከተወው ግን ይቀራል። ሟቹ በአጀሉ መሞቱ ካሳውን አላስቀረም፤ «አስቤ አይደለም» ማለትም አላስቀረውም።

አፉ ማለት ትልቅ ደረጃ ነው፣ አጅሩም አላህ ዘንድ ነው። ሆኖም አፉ የሚለው የሐቁ ባለቤት ብቻ ነው። አባት ሞቶ ትናንሽ ልጆች ቢቀሩ፣ አጎት ወይም ጎረቤት ተነስቶ «ትተናል» ቢል የየቲሞቹን ድርሻ መተው አይችልም። የየቲምን ገንዘብ በግፍ መብላት ምን እንደሆነ በዚያው ሱራ 4፡10 ላይ ተነግሮናል።

በወሎ አበጋሮችና ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ዱዓ ተደርጎ ቂም ይሽራል፤ ይህ ልንጠብቀው የሚገባ ኸይር ነው። እርቅና ካሳ ግን ሁለት ነገር ናቸው። ታርቀህም ካሳህን መቀበል ትችላለህ። የተስማማችሁበት ገንዘብ በጽሑፍ ይስፈር። ሕክምናው ሳያልቅ፣ እግሩ ገና ሳይጠገን፣ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ አይፈረም።

የአገራችን ሕግም በር ከፍቷል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋቱ የተጎጂው ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። መኪናው ገጭቶ ቢሰወር ወይም መድን ባይኖረው እንኳ የመድን ፈንድ አለ። መድን የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ ከዚያ የሚበልጠውን ጉዳት ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል።

ጊዜው ግን ይሮጣል። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። «ሽምግልናው ይለቅ» እየተባለ ይህ ጊዜ ካለፈ ሐቁ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ታርጋውን መዝግቡ፣ የትራፊክ ፖሊስ ቦታው ላይ ደርሶ ፕላን እንዲያነሳ አድርጉ፣ የሐኪም ማስረጃውንና የመድኃኒት ደረሰኙን ሁሉ አስቀምጡ።

ያየህ ወንድሜ፣ ያየሽ እህቴ፣ ምስክርነትን አትደብቁ። አሽከርካሪው ዘመድህ ቢሆንም እንኳ።

የተጎዳኸውም ብትሆን አላህን ፍራ። ያልተሰበረውን ተሰበረ፣ ያልወጣውን ወጪ ወጣ አትበል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በንግግር ብልጫ የወንድሙን ሐቅ ያስፈረደ ሰው የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ዳኛው ቢፈርድልህም ሐራሙ ሐላል አይሆንም።

አሽከርካሪ ወንድሞቻችን ሆይ! አደጋ ከደረሰ አትሽሹ፤ የወደቀውን አንሱ፣ ሐኪም ቤት አድርሱ። በስህተት ነፍስ የጠፋበትም ካሳ ከመክፈል ባሻገር በአላህ ፊት ያለበትን ከፋራ ዑለሞችን ይጠይቅ።

በቀደር ያመነ ሰው ልቡ ይረጋል። የረጋ ልብ ደግሞ ሐቅን በሰከነ መንገድ ይጠይቃል፣ ያለበትንም ይከፍላል።

አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን፣ የተጎዱትን ያሽርልን፣ የሞቱትን ይዘንላቸው፣ የቲሞቻቸውን ይጠብቅልን። አሚን።