ከታምቡር ወደ ዲስክ፦ ጣርማ በርን ለሚወርድ አሮጌ ላንድክሩዘር

ፍሬን መኪና ያቆማል ስንል የምንናገረው የነገሩን ግማሽ ነው። ፍሬን አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል። መኪናው የሚቆመው ከዚያ የተነሳ ነው። ይህን ሳንይዝ ስለ ዲስክ ብንነጋገር ትርፋችን ብረት መለዋወጥ ይሆናል፤ ስለዚህ ከሙቀቱ እንጀምር።

ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል። ከደብረ ብርሃን መጥቶ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን 587 ሜትር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲናና በአርማንያ ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ መኪና 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው የሚገኘው። ከነጭነቱ 2.5 ቶን የሚመዝን ላንድክሩዘር 1,000 ሜትር ብቻ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 70 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩና ንፋሱ ያልወሰዱት ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሹፌር የፍሬኑን ድርሻ ያሳንሳል፤ በዜሮ ማርሽ የለቀቀው ግን ሁሉንም ያሸክመዋል።

ታምቡር ለምን ይደክማል? ሸራው ታምቡሩን የሚገፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ወደ ታች ይሰምጣል። በዚያ ላይ ሙቀቱ የታሰረው በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው። ዲስክን ግን ፓዶች ከሁለት ወገን ይጨምቁታል፤ ሲግል የሚወፍረው ወደ ፓዶቹ ነው፤ ገላው ለንፋስ የተገለጠ ነው፤ የነካውን ውሃና ጭቃም እየተሽከረከረ ያራግፋል። ጃጓር በ1953 እ.ኤ.አ. በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በዲስክ ፍሬን ማሸነፉ ለዚህ ጥሩ ምስክር ሆኗል።

ለታምቡርም ግን ፍርዱ ይሰጠው። ከሸራዎቹ አንዱን የጎማው መሽከርከር ራሱ ወደ ታምቡሩ ይስበዋል፤ ስለዚህ በትንሽ ግፊት ብዙ ይይዛል። ዲስክ ይህ ረዳት የለውም። የእግር ጉልበት ስለማይበቃው ሰርቮ ይፈልጋል፤ ከፍታውም ጣጣ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና በውስጡ ባለው ቫኪዩም መካከል ባለው ልዩነት ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የሰርቮው እርዳታም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቁልቁለቱ ደግሞ የሚጀምረው አየሩ በሳሳበት ጫፍ ላይ ነው! የናፍጣ ሞተር ከሆነ ቫኪዩሙ የሚመጣው ከፓምፕ ስለሆነ፣ የፓምፑ ጤንነት ከዲስኩ ቀድሞ ይታይ። በእኔ ግምት ዲስክ ገዝቶ ሰርቮን መቆጠብ ከነታምቡሩ ከመቆየት የከፋ ነው።

ከሰርቮ ቀጥሎ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ነው። ፓዶቹን የሚገፉት የዲስክ ካሊፐር ፒስተኖች ከታምቡር ይልቅ ብዙ ዘይት ይጠጣሉ፤ ፖምፓው ትንሽ ከሆነ ፔዳሉ ይረዝማል፣ ከመጠን በላይ ትልቅ ከሆነ ይደነድናል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ነገርም አለ። ለታምቡር የተሠራ ፖምፓ ጥቂት ግፊት በመስመሩ ውስጥ አስቀርቶ የሚይዝ ትንሽ ቫልቭ ይኖረዋል። ያ ቫልቭ በዲስኩ መስመር ላይ ከቀረ ፓዱ ከዲስኩ አይላቀቅም፤ ጎማው በሜዳ መንገድ ሳይቀር እየተጎተተ ይግላል። ወደ ዲስክ ከሚቀየረው ከፊት ይውጣ፤ ታምቡር ለሚቀረው ለኋላው ግን ይቆይለት።

ገጠማው ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ለ40 ተከታታይ ላንድክሩዘር የኋለኛው 60 ተከታታይ የፊት ክፍሎች በብዛት ይስማማሉ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ፤ ኩሽኔታው ታጥቦ አዲስ ግራሶ ይቀባ። ካሊፐሩ ቸርኬውን እንዳይነካ፣ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር በእጅ እያዞራችሁ እዩ። አየር ማስወጫዋ ብሎን ወደ ላይ መሆን አለባት። የግራና የቀኝ ካሊፐር ከተቀያየሩ ወደ ታች ትዞራለች፤ አየር ደግሞ ወደ ላይ ነውና ቀኑን ሙሉ ብትረግጡ አይወጣም።

ዘይቱ አዲስ ይሁን። ዶት 3 የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይፈላም፤ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በጉም በሚታወቅ አገር ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ጣሳ አይታመንም።

የእጅ ፍሬኑን አትንኩት። በአሮጌ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ዘንግ ነው።

አዲሱን ፓድ መጀመሪያ በሜዳ መንገድ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ለስለስ ባለ ማቆም አለማምዱት። ከዚያ በከባድ ማርሽ እስከ ደብረ ሲና ውረዱና ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። መዳፋችሁን ሳታስነኩ ወደ ፊት ጎማዎቹ አስጠጉ። አንዱ ከሌላው በጣም የሚግል ከሆነ የዚያ ጎማ ካሊፐር ፒስተን አልተመለሰም ይሆናል፤ ሲበርድ ተፈትቶ ይታይ፤ ወደ አርማንያ የሚወረደው ከዚያ በኋላ ነው።