ምጣድ ሳይበርድ

በፈተና ሰሞን ከተማሪ አፍ የማይጠፋው ቃል «ጊዜ የለኝም» የሚለው ነው። ዳሩ ግን የጊዜው ማነስ ሁልጊዜ ከትምህርቱ ብዛት የሚመጣ አይደለም፤ ሥራችንን ቈራርጠን በየሰዓቱ ከመበተናችንም ይመጣል።

ይህን ለመረዳት ወደ እናቶቻችን ማዕድ ቤት መለስ ማለት ይበቃል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ለምሳ አንድ፣ ለእራት አንድ እያለች ምጣድ አትጥድም። ሊጡ ኩፍ ሲል እሳቱን ታነዳለች፤ ምጣዱን በጎመን ዘር ታስሳለች፤ የመጀመሪያይቱ እንጀራ የምጣድ ማሟሻ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ ለ2 ወይም ለ3 ቀን የሚበቃውን አከታትላ ታወጣለች። ምጣዱን ለማጋል የሚነደው ማገዶ ለ1 እንጀራም ለ30 እንጀራም ያው ነውና። በከተማችንም ማለዳ አሞራ ገደል የወረደ ሰው ይህንኑ ያያል። መረቡ ከማታ ተጥሎ ያደረ ነው፤ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ቆሮሶው በአንድነት ይራገፋል፤ ቢላዋ ያነሣውም ሰው እጁ አንድ ጊዜ ከረጠበ ክምሩን ሳይጨርስ አይነሣም።

የሰው አእምሮም ማሟሻ ይፈልጋል። አርተር ጀርሲልድ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጣው ጥናት ሰዎችን በቁጥር ዝርዝር ፈትኖ ነበር። ዝርዝሩን በሙሉ ሲደምሩ ወይም በሙሉ ሲቀንሱ ሥራው ይፈጥናል፤ አንዱን ደምረው ቀጣዩን እየቀነሱ ሲያፈራርቁት ግን ይዘገያል። ስሌቱ ያው ነው፤ የተጨመረው የመለዋወጡ ዋጋ ነው።

እንግዲህ ፎቶ ኮፒው፣ ሳሙናው፣ ከቤት የተላከው ገንዘብ እያንዳንዱ ለየብቻው ፒያሳ የሚያስወርደን ከሆነ፣ ለ3 ጉዳይ 6 ጊዜ የባጃጅ እንከፍላለን። ከኪሳችን ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ከመጽሐፉ 3 ጊዜ ተነሥተን 3 ጊዜ እንደ አዲስ መጀመራችን ነው። ሁሉም ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ዙር ያልቃል። የቴሌግራም መልእክትም እንዲሁ ነው፤ አስቸኳይ ነገር ያለው እንዲደውል ከተስማማን፣ የቀረው ከምሳና ከእራት በኋላ ተጠራቅሞ ቢመለስ የሚጐድል የለም። (ልብስ አጠባን ከዚህ አንቈጥርም፤ እርሱ የሚታዘዘው ለፕሮግራም ሳይሆን ለውኃው መምጣት ነው።)

በአንድ ነገር ግን ከብዙ መካሪዎች እንለያለን። «ተመሳሳዩን ሁሉ በአንድነት ሥሩ» የሚለው ምክር ወደ ሒሳብ ልምምድ ሲገባ ይጐዳል። ሮረርና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች የጠጣር ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተለማመዱ፤ ከፊሎቹ በየዓይነቱ ለይተው፣ ከፊሎቹ ደባልቀው። በልምምዱ ጊዜ የለዩት 89 ከመቶ፣ የደባለቁት 60 ከመቶ አገኙ። ከ1 ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የለዩት ወደ 20 ከመቶ ወረዱ፤ የደባለቁት 63 አገኙ። ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም፤ 10 ተመሳሳይ ጥያቄ በተከታታይ የሚሠራ ሰው ቀመሩን ይደጋግማል እንጂ የትኛው ቀመር ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን መምረጥን አይለማመድም። ፈተናው ደግሞ የሚጠይቀው አስቀድሞ ይህንኑ ነው፤ በልምምድ ጊዜ የታየው 89 ብዙ ጐበዝ ተማሪ አታሎ ለፈተና አዳራሽ አሳልፎ ይሰጣል።

ስለዚህ በአንድ ዶርም አብረን የምናጠና ሁሉ ከየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች በቁራጭ ወረቀት እንገልብጥ፤ የመገልበጡን ሥራ በአንድ ምሽት እንጨርሰው። ወረቀቶቹን ግን በፌስታል ቀላቅለን፣ የወጣልንን እንሥራ። የምዕራፉ ቁጥር በጀርባው ይጻፍ፤ ሠርቶ ያልጨረሰ ሰውም አይገልብጠው።